ጭነትና ስሙ፦ በሐዋሳ መናኸሪያ ስለሚደረገው የዕቃ አመዳደብ

በሐዋሳ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ጣራ ወይም ከአይሱዙ ላይ የሚጫን ማናቸውም ዕቃ ከመጫኑ በፊት አንድ ጥያቄ ይቀርብበታል፤ ይኸውም «ምንድን ነው?» የሚል ነው። ባለ ዕቃው የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። «ዕቃ ነው» ይላል፤ ወይም «የቤት ዕቃ ነው» ይላል፤ ወይም ዋጋው እንዳይጨመርበት ሲል «ትንሽ ነገር ናት» ብሎ ያልፋል። ነገር ግን የጭነቱን ዋጋ፣ ዕቃው የሚቀመጥበትን ስፍራና ዕቃው ቢጎዳ ማን እንደሚጠየቅ የምትወስነው ይህችው አጭር መልስ ናት። ከመንገድ ወዲያ ባለ ዕቃው ያላሰበውን ገንዘብ ሲጠየቅ «ተጭበረበርሁ» ይላል። እርግጥ የሚጭበረበር ሰው አይጠፋም። እኛ እንደ ተመለከትነው ግን ያልታሰበው ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከማጭበርበር አይደለም፤ ዕቃው ከመነሻው ትክክለኛ ስሙን ሳያገኝ በመጫኑ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው ጭነት እንደ ምን እንደሚመደብ፣ ምደባውም ስለ ምን ገንዘብ እንደሚሆን ነው። ነገሩን ከመናኸሪያው እንጀምራለን፤ ከዚያም መንገዱን ተከትለን እስከ ጉምሩክ እንሄዳለን። መናኸሪያ ዛሬ የክፍለ ከተማም ስም ነው፤ ከተማው ደግሞ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ ሞያሌና ወደ ኬንያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠ ስለ ሆነ፣ ትንሹም ትልቁም ጭነት በአንድነት የሚታይበት ስፍራ ነው። ጉዳዩ የትልልቅ ነጋዴዎች ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ሦስት ጆንያ ዕቃ ወደ ዲላ የምትልክ ቸርቻሪ የምታገኘውን ትርፍ ያስብ። ከሦስቱ ጆንያ በአንደኛው ላይ የሚጨመር ያልታሰበ ክፍያ የሦስቱንም ትርፍ ሊወስድ ይችላል። ትልቁ ነጋዴ ጉዳቱን በሌላ ጭነት ያካክሰዋል፤ ለእርሷ ግን ሌላ ጭነት የላትም።

በመናኸሪያው በጫኚውና በረዳቱ እጅ የተጻፈ የምደባ መጽሐፍ አይገኝም። ይህን አይተን ምደባ የለም ብንል ግን ታላቅ ስሕተት ይሆናል። ጫኚው ዕቃውን በዓይኑ ይመዝናል፤ በእጁ ትንሽ ከፍ አድርጎ ያየዋል፤ በጣቱ ይጫነዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ያሸተዋል። ከዚያ በኋላ ዋጋ ይጠራል። ለማያውቅ ሰው ይህ ከአፉ እንደ መጣለት የሚናገር ያስመስለዋል፤ ነገር ግን የተለያዩ ጫኚዎች ለአንድ ዕቃ የሚጠሩት ዋጋ የሚቀራረበው ያለ ምክንያት አይደለም። ጫኚው በልቡ የያዘው መጽሐፍ አለ። የዚህን መጽሐፍ ምዕራፎች ለይተን ለማውጣት ሞክረናል።

የመጀመሪያው የክብደትና የስፍራ ነገር ነው። ብዙ ሰው የጭነት ዋጋ በክብደት ብቻ የሚወሰን ይመስለዋል፤ ለዚሁም ምክንያቱ ከልጅነታችን ጀምሮ በኩንታልና በፈረሱላ ስንቆጥር መኖራችን ነው። መኪና ግን ሁለት ወሰን አለው፤ አንደኛው ሊሸከም የሚችለው ክብደት፣ ሁለተኛው በላዩ ያለው ስፍራ ነው። ለምሳሌ ያህል 50 ኩንታል፣ ማለት 5,000 ኪሎ የሚሸከም፣ የመጫኛውም ስፍራ 20 ሜትር ኩብ የሆነ መኪና አለ እንበል። 5,000ውን ለ20 ብናካፍል 250 ይወጣል። እንግዲህ አንድ ሜትር ኩቡ ከ250 ኪሎ በላይ የሚመዝን ዕቃ የመኪናውን ጉልበት አስቀድሞ ይጨርሳል፤ ከ250 ኪሎ በታች የሆነው ደግሞ ስፍራውን አስቀድሞ ይጨርሳል።

ሲሚንቶ በአንድ ሜትር ኩብ 1,400 ኪሎ ያህል ይሆናል ብንል፣ ከላይ ያልነው መኪና አራት ሜትር ኩብ እንኳ ሳይሞላ ጉልበቱ ያልቃል። በዚሁ መኪና በአንድ ሜትር ኩብ 20 ኪሎ ብቻ የሚመዝን የስፖንጅ ፍራሽ ቢሞላበት ግን ጠቅላላው ክብደት 400 ኪሎ፣ ማለት አራት ኩንታል ብቻ ይሆናል። ባለ መኪናው በኪሎ ብቻ ቢያስከፍል ከሐዋሳ እስከ ሞያሌ ድረስ በ50 ኩንታል ፈንታ በአራት ኩንታል ዋጋ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ፍራሹ በኪሎ ሲታሰብ ከሲሚንቶው 12 ጊዜ ተኩል እጥፍ መክፈል አለበት። የፍራሹ ባለቤት «ይህን ቀላል ዕቃ ስለ ምን?» እያለ ሲከራከር የሚሰማው ይህን ስሌት ሳያስበው በመቅረቱ ነው። እርሱ ክብደት እየቆጠረ ሳለ ባለ መኪናው ስፍራ ይቆጥራል፤ ሁለቱም በራሳቸው ሚዛን እውነት ይናገራሉ።

ብልህ ጫኚ ደግሞ ከዚህ ይልቃል። ከባዱን ከታች፣ ቀላሉን ከላይ አድርጎ የመኪናውን ጉልበትና ስፍራ በአንድነት ይሸጣል። አንዳንድ ቀን ፍራሹ ርካሽ የሚሆነው ከሥሩ ሲሚንቶ ስላለ ነው። ይህን የምንጠቅሰው የመናኸሪያው ዋጋ ከቀን ወደ ቀን የሚለዋወጥበት ምክንያት ሁልጊዜ የጫኚው ጠባይ አለመሆኑን ለማስገንዘብ ነው።

ሁለተኛው ነገር አንዱ ዕቃ ከሌላው ጋር የሚስማማ መሆኑና አለመሆኑ ነው። በዚህ ረገድ የሐዋሳ መናኸሪያ ብዙ ያስተምራል። ከሐይቁ የወጣ ዓሣ በበረዶ ታሽጎ ሲላክ በረዶው እየቀለጠ ያንጠባጥባል። ቆጮ እርጥብና ከባድ ነው፤ ሽታውም ከአጠገቡ ወዳለው ዕቃ ይሄዳል። ቡና ደግሞ በአጠገቡ ያለውን ሽታ የሚስብ ፍሬ ስለ ሆነ፣ ከላምባ ወይም ከሳሙና አጠገብ ቢያድር መልኩ ሳይለወጥ ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ አንድ ጆንያ ቆጮ በመኪናው ላይ የሚይዘው የራሱን ስፍራ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ዕቃ እንዳይቀመጥበት የሚያደርገውን በዙሪያው ያለውንም ስፍራ ነው። ባለ ዕቃው ለዚያ ባዶ ስፍራ እንደሚከፍል አይታየውም። የሸክላ ጀበናና ምጣድም እንዲሁ ነው፤ ክብደቱ መካከለኛ ሆኖ ሳለ በላዩ አንዳች ነገር ስለማይደረብበት ከራሱ በላይ እስከ ሸራው ያለውን አየር ይከራያል።

ሦስተኛው የአደራ ነገር ነው። የብረት ሚስማር ቢወድቅ ተነሥቶ ይጫናል፤ ቴሌቪዥን ቢወድቅ ግን ክርክር ይነሣል። ጫኚው ውድና ተሰባሪ ዕቃ ሲያይ ዋጋ የሚጨምረው ለጉልበቱ ሳይሆን ለጭንቀቱ ነው ማለት እንችላለን። ጊዜም በአደራ ውስጥ ይገባል። ጫት ነገ ቢደርስ ጫት አይደለም፤ ስለዚህ ከወንዶ ገነት በኩል የሚወጣው ጫት የሚከፍለው ለፍጥነት ነው፤ ሚዛን ላይ የሚወጣው ክብደት ከዚያ ወዲህ ነው። ቲማቲምና አቮካዶም በመጠኑ እንዲሁ ናቸው።

እንግዲህ ይህ የመናኸሪያው የቃል መጽሐፍ በሌላው ዓለም ከተጻፈው ጋር ሲመሳሰል ማየት የሚያስገርም ነው። በእንግሊዝ አገር የምድር ባቡር ኩባንያዎች በ1842 እ.ኤ.አ. የሒሳብ ማጣሪያ የጋራ መሥሪያ ቤት አቋቁመው ነበር፤ በዚሁ መሥሪያ ቤት አማካይነት ኩባንያዎቹ ሁሉ የሚሠሩበት አጠቃላይ የዕቃ ምደባ ወጣ። የድንጋይ ከሰልን የመሰለ ርካሽ ጭነት ዝቅተኛ ዋጋ፣ ሐርን የመሰለ ውድ ጭነት ከፍተኛ ዋጋ እንዲከፍል የተደረገው በዚህ ዓይነት ነበር። በአሜሪካም በ1887 እ.ኤ.አ. የክፍላተ ሀገራቱን የእርስ በርስ ንግድ የሚመለከተው ሕግ ከወጣ ወዲህ ባቡሮቹ ልዩ ልዩ የነበረውን ምደባቸውን ወደ ጥቂት ትልልቅ መጻሕፍት ሰበሰቡ። በኋላ የጭነት መኪና ሲበዛ የመኪናዎቹ የራሳቸው ብሔራዊ ምደባ ተዘጋጀ። በዚህ ምደባ 18 መደቦች አሉ፤ ዝቅተኛው 50፣ ከፍተኛው 500 የሚል ቁጥር አለው። ጠጣር፣ ከባድና የማይጎዳ ዕቃ ወደ 50 ይጠጋል፤ እንደ ፒንግ ፖንግ ኳስ ያለ ስፍራ ይዞ የማይመዝን ዕቃ ደግሞ ለ500 ምሳሌ ሆኖ ሲጠቀስ ኖሯል።

አሜሪካኖቹ ዕቃውን ለመመደብ የሚመለከቱት አራት ነገር ነው፤ ክብደቱ ከስፍራው ጋር ሲነጻጸር፣ ከሌላ ዕቃ ጋር አብሮ የመደርደሩ ምቾት፣ የአያያዙ ቀላልነት ወይም ችግር፣ በመጨረሻም የሚያስከትለው ኀላፊነት። ከላይ የዘረዘርነውን ያነበበ ሰው ይህ የመናኸሪያው ጫኚ መጽሐፍ መሆኑን ይረዳል። አያያዝን እኛ ለብቻው አላነሣነውም፤ ማንገቻ የሌለው ረጅም የብረት ቧንቧ ወደ ጣራ ሲወጣ ያየ ሰው ግን ማብራሪያ አይፈልግም። በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዚሁ በአሜሪካ መጽሐፍ ላይ ትልቅ መሻሻል ተደርጎ፣ ቀድሞ በየስማቸው የተመደቡ ብዙ ዕቃዎች በአንድ ኩብ ስፍራ በሚመዝኑት ልክ 13 ደረጃ ባለው ሚዛን እንዲመደቡ ሆነ። ይህም ማለት ላኪው ከዕቃው ስም ሌላ ትክክለኛ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት መስጠት ግዴታው እየሆነ መጣ ማለት ነው። እዚያ አገር ማጓጓዣ ድርጅቶች ካርቶኑን በመሣሪያ እንደገና ይለካሉ፤ ልኩ ከተጻፈው ቢለይ ልዩነቱንና የመለኪያውን ዋጋ ጨምረው ይጠይቃሉ። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የእኛ ጫኚ ከመነሻው ይከራከራል፤ የእነርሱ ድርጅት ዕቃው ከደረሰ በኋላ ደረሰኝ ይልካል። የትኛው ይሻላል ለሚለው፣ እኛ በበኩላችን ከመነሻው መከራከሩን እንመርጣለን።

በአየር በሚላክ ዕቃ ላይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የአየር ጭነት በተለመደው ደንብ 6,000 ኩብ ሳንቲ ሜትርን እንደ አንድ ኪሎ ይቆጥራል፤ ፈጣን መልእክት አድራሾቹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 5,000ውን እንደ አንድ ኪሎ ይወስዳሉ። ከእውነተኛው ክብደትና በዚህ ስሌት ከሚገኘው የሚበልጠው ይከፈልበታል። ውጭ አገር ላለ ዘመድ መሶብ ለመላክ የሚያስብ ሰው ይህን ይስማ። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር በሆነ ካርቶን የታሸገ 7 ኪሎ የሚመዝን መሶብ 180,000 ኩብ ሳንቲ ሜትር ይይዛል። በመጀመሪያው ስሌት 30 ኪሎ፣ በሁለተኛው 36 ኪሎ ሆኖ ይከፈልበታል። ላኪው 7 ኪሎ ብሎ ገንዘብ አዘጋጅቶ ከሄደ እዚያው መስኮቱ አጠገብ ይደነግጣል። መሶቡ ውስጥ ያለው ባዶ ስፍራ በበርበሬና በሽሮ ቢሞላ፣ እስከ 30 ኪሎ ድረስ የማጓጓዣው ዋጋ አይጨምርም። እናቶቻችን ይህን ስሌት ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። በእርግጥ በርበሬውና ሽሮው በሰነዱ ላይ በስማቸው መጻፍ አለባቸው፤ የሚቀበለውም አገር የምግብ አገባብ ደንብ አስቀድሞ መታየት ይኖርበታል።

በአንድ ካርቶን ውስጥ ልዩ ልዩ ዕቃ መቀላቀልም ሌላው የክፍያ ምንጭ ነው። በተለመደው የምደባ ደንብ የተቀላቀለ ካርቶን የሚከፍለው በውስጡ ካለው ዕቃ ሁሉ ከፍተኛ መደብ ባለው ነው። መናኸሪያውም ይህን ያውቃል፤ አሥር የፕላስቲክ ሳህን የያዘ ካርቶን ውስጥ አንድ የመስተዋት ብርጭቆ ቢገኝ ካርቶኑ በሙሉ «ተሰባሪ» ይባላል። ብርጭቆውን ለብቻው በትንሽ ካርቶን የሚያሽግ ሰው የሳህኑን ዋጋ ያድናል።

ከዚህ ቀጥሎ የምናነሣው ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር ነው። በአውቶቡስ ጣራ ላይ የሚጫነው ዕቃ ከሥሩ ሰዎች ተቀምጠዋል። የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች አደገኛ ዕቃዎችን በ9 ክፍል ከፍለዋቸዋል፤ ክፍሎቹንም ስናነብ ብዙዎቹ ከጎረቤት ሱቅ የሚገዙ ዕቃዎች መሆናቸውን እናያለን። ቀለምና ሽቶ ተቀጣጣይ ፈሳሾች ስለ ሆኑ በ3ኛው ክፍል ናቸው። ክብሪት በ4ኛው ነው። የመኪና ባትሪ አሲድና በረኪና የሚያቃጥሉና የሚበሉ ስለ ሆኑ በ8ኛው፣ የስልክና የኮምፒዩተር ሊቲየም ባትሪ በ9ኛው ይገኛሉ። የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር በ2ኛው ነው። እነዚህን «የቤት ዕቃ» ብሎ ማስጫን በቋንቋ ረገድ ውሸት አይደለም፤ በእውነትም የቤት ዕቃ ናቸው። ነገር ግን በረኪና የያዘ ጄሪካንና የባትሪ አሲድ ጎን ለጎን ተጭነው በመንገዱ መንገራገጭ ቢፈስሱና ቢቀላቀሉ፣ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባን የሚጎዳ መርዝ ነው። ጫኚው ስማቸውን ቢያውቅ ኖሮ አንዱን ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ ያደርግ፣ ወይም አንዱን ከቶ አልጭንም ይል ነበር። ስለዚህ በዚህ ረገድ ስሙን የሚደብቅ ሰው የሚያተርፈው ጥቂት ብር በማያውቃቸው መንገደኞች ሕይወት የተገዛ ነው።

አሁን ደግሞ መንገዱን ተከትለን ወደ ደቡብ እንውረድ። ከሐዋሳ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው ሞያሌ፣ ኢትዮጵያና ኬንያ በአንድ ቆይታ የሚፈተሽበት የጋራ ድንበር ጣቢያቸው በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። በሐዋሳም የጉምሩክ ቅርንጫፍ አለ። እዚህ ምደባው ከጫኚው ዓይን ወደ መጽሐፍ ይሸጋገራል። ይህም መጽሐፍ የዓለም የጉምሩክ ድርጅት የሚያዘጋጀው፣ ስምምነቱ በ1983 እ.ኤ.አ. በብራስልስ ተፈርሞ በ1988 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው፣ ነጋዴዎቻችን «ኤች ኤስ ኮድ» የሚሉት ነው። ዕቃን ሁሉ በ21 ክፍልና እስከ 97 በሚቆጠሩ ምዕራፎች ይመድባል፤ ምዕራፍ 77 ግን ለወደፊቱ ባዶውን ተትቷል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኀዞች በሚጠቀሙበት አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይጨምራል። ያልተቆላ ቡና 0901.11 ነው፤ የተቆላው 0901.21 ነው። እሳት ያየና ያላየ ፍሬ በስም ይለያያል ማለት ነው።

በዚህ መጽሐፍ ዘንድ ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው «መለዋወጫ» የሚለው ቃል ነው። ነጋዴው የመኪና መለዋወጫ አስመጣሁ ይላል፤ ሁሉም በ8708 የሚገባ ይመስለዋል። ራዲያተሩ በእርግጥ በዚያ ይገባል። የዘይት ማጣሪያው ግን በ8421፣ ኩሽኔታው በ8482፣ ባትሪው በ8507፣ ካንዴላው በ8511፣ የፊት መብራቱ በ8512 ነው። የፊት መስተዋቱ ከመስተዋት ጋር በ7007 ይቆጠራል። ጎማው በ4011፣ ካላማዳሪያው በ4013 ነው። ተራ ቡሎንና ዳዶ ደግሞ ለመኪና ቢሠራም ከብረታ ብረቱ ምዕራፍ አይወጣም። ስለዚህ «መለዋወጫ፣ 40 ካርቶን» የሚል ኢንቮይስ ለጉምሩክ ሠራተኛ ምንም አይነግረውም፤ እርሱም 40ውንም ካርቶን ለመክፈት ይገደዳል።

የመጽሐፉ የአተረጓጎም ደንቦች ስድስት ናቸው። ሁሉንም እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ሁለቱን ብቻ እንጥቀስ። አንደኛው፣ አንድ ዕቃ ተፈታትቶ ቢመጣም እንደ ተገጣጠመ ይቆጠራል የሚለው ነው። በካርቶን ተፈታትቶ የገባ ባጃጅ ባጃጅ ነው፤ «መለዋወጫ» ሊባል አይችልም። (ለመገጣጠሚያ ፋብሪካ በልዩ መብት የሚገባው ነገሩ ሌላ ነው።) ሁለተኛው፣ ዕቃውን በተለይ የሚገልጸው ስም በጠቅላላው ከሚገልጸው ይቀድማል የሚለው ነው። ይህ የሰዋስው መምህራኖቻችን የተጸውዖ ስምን ከወል ስም ለይተው ሲያስተምሩን ከነበረው ብዙም አይርቅም።

በ2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚያውቁ አንባቢዎቻችን የሸሚዝን ምሳሌ እንጨምር። ሁለት የወንድ የጥጥ ሸሚዞች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ለሚለብሳቸው ሰው አንድ ናቸው። ጨርቁ እንደ ሹራብ ክሩ እየተቆላለፈ የተሠራ ከሆነ 6105፣ በድርና በማግ የተሸመነ ከሆነ ግን 6205 ይሆናል። የሚለያቸው ክሩ የሄደበት መንገድ ብቻ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ የሚሸምን ሰው ይህን ልዩነት በዓይኑ ጥቅሻ ያውቀዋል፤ ዲክላራሲዮን የሚሞላው ሰው ግን ላያውቀው ይችላል።

መጽሐፉም በየጊዜው ይታደሳል። በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው እትም ተገጣጥሞ ፓነል የሆነ የፀሐይ ኀይል መሣሪያ 8541.43 የሚል የራሱን ቁጥር አገኘ፤ ቀድሞ ከሌሎች ጋር ተደባልቆ በ8541.40 ይመደብ ነበር። ከወዳጁ የዱሮ ሰነድ ላይ ቁጥር የገለበጠ ነጋዴ እንግዲህ የሌለ ቁጥር ጻፈ ማለት ነው።

የቁጥሩ ስሕተት ገንዘብ የሚሆንበትን መንገድ በሒሳብ እናሳይ። 100,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ በ10 በመቶ ቀረጥ ተገምቶ ሳለ በ30 በመቶው መደብ ተገኘ እንበል። ሰው ሁሉ ልዩነቱ 20,000 ብር ነው ይላል። ነገር ግን 15 በመቶ የሆነው የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ነው፤ 10 በመቶ የሆነው ሱር ታክስም ሁለቱ ከተደመሩ በኋላ ነው። ሌላውን ክፍያ ለጊዜው ብንተወው፣ በመጀመሪያው ግምት ቀረጡ 10,000፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱ 16,500፣ ሱር ታክሱ 12,650፣ ድምሩ 39,150 ብር ይሆናል። በሁለተኛው ቀረጡ 30,000፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱ 19,500፣ ሱር ታክሱ 14,950፣ ድምሩ 64,450 ብር ነው። ልዩነቱ 25,300 ብር ሆነ። ኤክሳይስ ታክስ ያለበት ዕቃ ቢሆን ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ክርክሩ ሲቀጥል ዕቃው በመጋዘን ይቆያል፤ መጋዘኑ ያስከፍላል፤ ኮንቴይነሩም ከነጻው ጊዜ ካለፈ በየቀኑ ይቆጥራል። ዕቃው ከተለቀቀ በኋላም ቢሆን ጉምሩክ ሰነዱን መልሶ መመርመር ስለሚችል፣ ያለፈልኝ የመሰለው ሰው ዕቃውን ሸጦ ገንዘቡን ካጠፋ በኋላ ሊጠራ ይችላል።

ትራንዚተር ቀጥሬአለሁና እኔን አይመለከተኝም ማለትም አያዋጣም። ትራንዚተሩ የሚጽፈው ባለ ዕቃው የነገረውን ነው። በጭነት ሕግም ረገድ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ የተፈረመው የአውሮፓ አገሮች የመንገድ ጭነት ስምምነት፣ ላኪው በሰጠው የተሳሳተ መግለጫ ምክንያት የሚደርሰውን ወጪና ጉዳት በላኪው ላይ ይጥላል። እኛ አገር በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ስለ አጓጓዥና ስለ ላኪ ተደንግጎ ነበር፤ በኋላም በየብስ ስለሚጓጓዝ ዕቃ አዋጅ ቁጥር 547/1999 ወጥቷል። ሁለቱም በሕግ ክፍል ባሉ ጓደኞቻችን ዘንድ ከሚነበቡት ይልቅ በመናኸሪያው ቢነበቡ መልካም ነበር።

ስለ ታሪፍ ቁጥሩ የሚጠራጠር አስመጪ ዕቃው ከመምጣቱ አስቀድሞ ጉምሩክን በጽሑፍ ጠይቆ የምደባ ውሳኔ እንዲሰጠው ማድረግ ይችላል። ለዚህም የዕቃውን ሥዕል፣ የተሠራበትን ነገር፣ የሚሰጠውን አገልግሎትና ከፋብሪካው የመጣውን መግለጫ ማቅረብ ያስፈልጋል። ለመናኸሪያው ጭነት ግን ይህን ያህል ድካም አይጠይቅም፤ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ትበቃለች። እንደሚከተለው ብትጻፍ የሚጎድላት ነገር ያለ አይመስለንም።

«ከሐዋሳ ወደ ዲላ። 4 ካርቶን። 2ቱ የሸክላ ጀበና፣ በገለባ የታሸገ፣ ተሰባሪ፣ በላዩ ምንም አይደረብ። 2ቱ የፕላስቲክ ሳህን፣ ሊደረብበት ይቻላል። እያንዳንዱ ካርቶን 60 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር። የጀበናው ካርቶን 14 ኪሎ፣ የሳህኑ 9 ኪሎ። ፈሳሽ የለበትም፤ ተቀጣጣይ የለበትም። የተከፈለው ዋጋ፣ የላኪና የተቀባይ ስምና ስልክ።»

ይህ በሦስት ቅጂ ይጻፋል። አንዱን ረዳቱ ይይዛል፤ አንዱ ከላኪው ዘንድ ይቀራል፤ ሦስተኛው ካርቶኑ ሳይታሸግ ከውስጥ ይገባል፤ በውጭ የተጻፈው በዝናብ ቢታጠብ የውስጡ ይነበባልና።